መቼ ያየሽው ነው?

ጋሼ እንየው ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ስልክ ጠፍቶ ከርሞ በዚያ ጠዋት መለስ ሲል፣ ቡሬ የሚኖር የቀድሞ ባልደረባችን ደወለና «ሰማሽ አይደል?» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። እንዲያውም ከሦስት ቀን በፊት ፋርማሲ የምትሠራ ጓደኛዬ ስለ እሳቸው ጠይቃኝ «ደኅና ናቸው፤ ቡሬ ገብተው አርፈዋል» ብያታለሁ። አፌ ያወጣው ቃል ሁለት ፊት እንደነበረው ያወቅሁት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ስምንት ቀን ሙሉ አፈር የለበሱትን ሰው በሕይወት አድርጌ አወራሁ።

«በምን ሞቱ?» አልሁት።

«ግፊት ነበረባቸው። መድኃኒቱ አልቆባቸው፣ መንገዱም ያው እንደምታውቂው...» ብሎ ተወው። በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር እስከ መጨረሻው የሚናገር ሰው የለም።

ጋሼ እንየው ፍኖተ ሰላም እኔ ካርድ ክፍል በምሠራበት ሆስፒታል የዳታቤዝ ባለሙያ ነበሩ። ረጅም፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ዘንበል ያለ፣ መነጽራቸውን በሹራባቸው ጫፍ የሚጠርጉ ሰው። የተወለዱት ከቡሬ ወዲያ ባለ ገጠር ከአዊ ቤተሰብ ነው፤ አማርኛቸው የጎጃም አማርኛ ሆኖ ከባድ ነገር ሲያስቡ ግን ቁጥሩን በእናታቸው ቋንቋ ሲያንሾካሹኩት ይሰማኝ ነበር።

አንድ ጠባይ ነበራቸው፣ ሰውን የሚያስቸግር። ማንም ምንም ቢነግራቸው «መቼ ያየሽው ነው?» ይላሉ። ለወንዱም ለሴቱም፣ ለትልቁም ለትንሹም እንደየማዕረጉ። አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ «ጋሼ፣ የቡሬ ሚኒባስ መናኸሪያ ቆሟል» አልኋቸው።

«መቼ ያየሽው ነው?»

«አሁን፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት።»

«እንግዲያው የነበረ መኪና ነው የምትነግሪኝ» አሉና በእግራቸው ወደ አስፋልቱ ወጡ። እውነትም ሄዷል። እኔ ያን ጊዜ ሳቅሁባቸው።

እሳቸው ሲቀጠሩ ሆስፒታሉ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ከዞረ ዓመት አልሞላውም ነበር። እኔ መስኮቷ ላይ ተቀምጬ የአንድን ሰው ስም ጽፌ ስጠይቅ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይቆያል። አንዳንዴ ሰውዬው ቁጭ ብሎ ተነሥቶ፣ ደግሞ ቁጭ ብሎ እስኪነሣ። ሰልፉ ከግቢው በር ይወጣል። ከገጠር ሌሊት ተነሥተው የመጡ ሰዎች ፀሐይ ላይ ቆመው ይውላሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር መስኮቴ ሥር ወድቃ፣ ሥራውን ልተው ብዬ ነበር።

ጋሼ እንየው መጥተው ከአጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሁለት ቀን ምንም ሳይነኩ ሲያዩ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ወደ ደረደርኋቸው የወረቀት ካርዶች አመለከቱ። ኮምፒውተሩ ከገባም በኋላ የድሮውን ካርድ አልተውንም ነበር።

«እነዚህን መደርደሪያው ላይ ያልመለስሻቸው ለምንድን ነው?»

«የስኳርና የግፊት ተከታታዮች ናቸው። በየጊዜው ይመጣሉ፤ ሁልጊዜ መደርደሪያ ድረስ መሄድ ይደክመኛል።»

«ጠረጴዛው ሲሞላብሽስ?»

«ብዙ ጊዜ ያልመጣውን ሰው ካርድ እመልሳለሁ።»

«ይኸው፣ ዳታቤዝ የሚሠራውን ሠራሽ» አሉኝ። «የበሽተኛው መዝገብ ሁሉ ያለው ዲስክ ላይ ነው። ዲስክ መብራት ቢጠፋም አይረሳም፤ ግን ቀርፋፋ ነው። ሜሞሪ ፈጣን ነው፤ ግን ጠባብ ነው፣ መብራት ሲጠፋም ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ዳታቤዙ አንድ መዝገብ ሲጠየቅ ከዲስክ ያመጣና ሜሞሪው ላይ ያቆየዋል። ሁለተኛ ሲጠየቅ ወደ ዲስክ አይወርድም። ቦታ ሲጠበው ደግሞ የቆየውን፣ ማንም ያልጠየቀውን ያስወጣል። የእኛ ሰርቨር፣ ዳታቤዙ ያለበት ዋና ኮምፒውተር፣ ችግሩ ምን መሰለሽ? ሲተከል ለዳታቤዙ የተመደበለት ሜሞሪ የመዳፍ ያህል ነው። አንዱን ሳያስቀምጥ ሌላውን ያስወጣል፤ ቀኑን ሙሉ መደርደሪያ ሲመላለስ ይውላል። የቀረው ሜሞሪ ያለ ሥራ ተኝቷል።»

ያን ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ የተመደበውን አሰፉት። በማግስቱ ስም ስጽፍ ጣቴን ሳላነሣ መዝገቡ ወጣ። ሰዎቹ ሰልፉ ስለተራመደ ደነገጡ፤ የቀደማቸው ሰው ያለ መሰላቸው።

መብራት በጠፋ ማግስት ግን ጠዋት ጠዋት ያው ቀርፋፋ ይሆናል። ሜሞሪው ባዶውን ተነሥቶ ነው። ጋሼ እንየው ለዚህም መላ አበጁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በሩ ሳይከፈት ይመጡና የዚያን ቀን ቀጠሮ ያላቸውን በሽተኞች መዝገብ አንድ በአንድ ዳታቤዙን ይጠይቁታል። ማንም ሳይመጣ። መስኮቱ ሲከፈት የሚፈለገው ሁሉ ሜሞሪው ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። «ማሟሟቅ ነው» ይሉታል። በኋላ ይህን የሚሠራ ትእዛዝ ጽፈው ለማሽኑ ቢሰጡትም መምጣታቸውን አልተዉም። የሰርቨሩን ሳጥን ጆሯቸውን አስጠግተው ያደምጡታል።

አንድ ጠዋት ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ መዝገቡ ሲለወጥስ? ሜሞሪው ላይ ያለው አሮጌ ሆኖ አይቀርም?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ዋናው ጥያቄ ይኸ ነው። ዳታቤዙ ራሱ ያቆየውን ራሱ ይጠብቃል። አንቺ ስትለውጪ መጀመሪያ የሚለወጠው ያ ሜሞሪ ላይ ያለው ነው። ለውጡንም ለክፉ ቀን ዲስክ ላይ በተራ በተራ ይጽፈዋል፤ መብራት ቢጠፋ ከዚያ አንብቦ ይነሣል። ከአንቺ ቀጥሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው አዲሱን ነው። በዚህ አልሰጋም።»

«በምን ይሰጋሉ?»

«መልሱን ከዳታቤዙ አውጥተው ሌላ ቦታ በሚያስቀምጡት። ያን ማንም አይጠብቀውም።»

የፈሩት ነገር ብዙም አልቆየ። ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች ያሉበት ዋርድ ግቢው ጥግ ያለው አዲሱ ሕንፃ ነው። ከሰርቨሩ ክፍል እስከዚያ የተዘረጋው መስመር ደካማ ነበር፤ ዋርዱ ያሉት ስክሪኖች ይንቀራፈፋሉ። ሐኪሞች አጉረመረሙ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ጠሩና አንድ ሐሳብ አመጡ፤ የበሽተኛው ማጠቃለያ አንዴ ከተጠየቀ መልሱ እዚያው የዋርዱ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ፣ ለአምስት ሰዓት ያህል ዳታቤዙን ሳይጠይቅ ከዚያው ያሳይ።

ጋሼ እንየው «ይህ ካሽ ዳታቤዙ ራሱ ከሚጠብቀው ሌላ ነው» ብለው ሲጀምሩ የፋይናንስ ኃላፊዋ ገንዘብ መስሏት «የምን ካሽ? ከየት የመጣ?» አለችና ሳቅ ሆነ። እሳቸው አልሳቁም። «እንግዲያው የቅርብ ቅጂ እንበለው» አሉ። «ማስቀመጡ አይደለም ክፋቱ። መዝገቡ ሲለወጥ ቅጂውን የሚሰርዝ ነገር አብሮ መሠራት አለበት። ሁለት ሳምንት ይሰጠኝ።»

«ሁለት ሳምንት የለንም። ሥራችንን የሚያይ እንግዳ ይመጣብናል» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ደግሞስ በአምስት ሰዓት ውስጥ ምን ይለወጣል?»

«ሰው።»

ጋሼ እንየው እንደታዘዙት ሠሩት፤ ግን ከላይ በቀይ ጽሑፍ አንድ መስመር ጨመሩበት። «ይህ መረጃ ከዳታቤዙ የተወሰደው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው» ይላል፣ እንደየሰዓቱ። ነርሶቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ቆይተው ለመዱት። ሰዓቱ የራቀ ሲመስላቸው አዲሱን የሚያመጣውን ቁልፍ ይጫኑታል።

የተባሉት እንግዶች መጡ። ከእነሱ አንዱ ቀዩን መስመር አንብቦ «መረጃችሁ አሮጌ ነው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ አፈሩ። በማግስቱ «ይነሣ» አሉ። ጋሼ እንየው ሁለት ቀን አቆዩት። በሦስተኛው ቀን ከዋርዱ ሲመለሱ አገኘኋቸው።

«አነሣሁት» አሉኝ።

«ምን ይደረግ፣ ታዘው ነው።»

«ሲነሣ እኮ ምንም አልሆነም። ስክሪኑ እንዲያውም አማረበት» አሉና ቆመው ቀሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓታቸውን ዋርዱ ኮሪደር ላይ ማሳለፍ ጀመሩ። ምን እንደሚጠብቁ ስጠይቃቸው አይነግሩኝም። ያኔ መፍራት የጀመርሁት በእሳቸው ፍርሃት ነው፤ ምክንያቱን በደንብ ሳልረዳው።

ወይዘሮ አበቡን ያመጧት በጥቅምት መጨረሻ ነው። ከደምበጫ መንገድ ካለ ገጠር፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች፣ ሳንባዋ ታሞ። ልጇ ሙሉና የሙሉ ታላቅ ወንድም ደግፈው አስገቧት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እኔው መዘገብኋት። ሦስት ሰዓት ላይ ዋርዱ ተረኛ የነበረችው ሲስተር የሺ አልጋ ስታዘጋጅላት ማጠቃለያዋን ከፈተች። ያኔ ቅጂው ተወሰደ።

አራት ሰዓት ላይ ሙሉ ወደ መስኮቴ ተመለሰች። «እትዬ፣ አንድ ነገር ረስቼ። እናቴን ባለፈው ዓመት ጤና ጣቢያ መርፌ ወግተዋት ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ፔኒሲሊን አይሆንሽም ብለዋታል።»

ጻፍሁት። አሁንም እጄ ያስታውሰዋል። አለርጂ በሚለው ቦታ ፔኒሲሊን ብዬ ጻፍሁ፣ መዘገብሁ፣ ስክሪኔ ላይ ተመልሶ ሲወጣ አየሁት። «ተጽፏል፤ ዋርድም ይታያቸዋል» አልኋት። ልጅቷ ደስ ብሏት ሄደች። ነግራ ስለጨረሰች ለሌላ ሰው አልደገመችውም።

ስድስት ሰዓት ላይ ሐኪሙ ከዚያው ከፔኒሲሊን ወገን የሆነ መርፌ አዘዘ። ሲስተር የሺ ሴትዮዋን ጠየቀቻት፤ ወይዘሮ አበቡ ግን በትኩሳት ንግግሯ ተደበላልቆ ነበር። ሙሉ ዕቃ ልትገዛ ወጥታለች፤ ወንድሟም ወደ ገጠር ተመልሷል። ሲስተር ስክሪኑን ከፈተች። አለርጂ፦ አልተመዘገበም። ወጋቻት።

ጋሼ እንየው ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። ሲሯሯጡ አዩ። አስታማሚዎቹ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲስተር የሺ ወጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ነገሩን የሚያጣራ ኮሚቴ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋርዱ ገባ። ስክሪኑን ከፈቱ። አለርጂ፦ ፔኒሲሊን፤ ፊት ለፊት ተጽፎ። የቅጂው ዕድሜ አልቆ አዲሱ መጥቷል። ሲስተር የሺ «እኔ ስከፍተው ምንም አልነበረበትም» አለች። ሁሉም ተያዩ። ደግማ አለች። ሦስተኛ ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ ውሸታም መሰለች።

ወሬው በዚያው ቀን ገጠር ደረሰ። «ተጽፎላት ሳለ ሳታነብ ወጋቻት» ተባለ። ከቀብሩ በኋላ የወይዘሮ አበቡ ታላቅ ልጅ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ የሲስተር የሺን ቤት ሲጠይቅ ታየ። ጥበቃው ሊያባርረው አልደፈረም። ሲስተር የሺ ልጆቿን ይዛ እኅቷ ቤት ገባች።

ጋሼ እንየው ግን ዳታቤዙ ላይ ቁጭ ብለው የጥያቄዎቹን መዝገብ ሲያወጡ ሰነበቱ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጻፈ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጠየቀ። አንድ ገጽ ወረቀት ሆነ። ለሥራ አስኪያጁ አሳዩት።

«ይህን ማን አይቶታል?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«እርስዎና እኔ።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቅር። ሴትዮዋ እንደሆነች አትመለስም። ሲስተርንም ቀስ ብለን ሌላ ቦታ እናዛውራታለን።»

ይህን የነገሩኝ ጋሼ እንየው ናቸው። በማግስቱ ኮሚቴው ፊት፣ እኔም ለምስክርነት ተጠርቼ ባለሁበት፣ ያንን ወረቀት አነበቡት። «ካርድ ክፍል ያለችው ዘመናይ አለርጂውን የጻፈችው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ዋርዱ ስለዚህች ሴት ዳታቤዙን የጠየቀው ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የጠየቀው ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ካለፈ ነው። መርፌው በተወጋበት በስድስት ሰዓት ዳታቤዙን ማንም አልጠየቀውም። ሲስተር ያየችው ሦስት ሰዓት ላይ የተወሰደውን ቅጂ ነው። አልዋሸችም።»

ከኮሚቴው አንዱ «ቅጂውን ማን አስቀመጠው?» አለ።

«እኔ። ሰዓቱን የሚናገረውን ቀይ መስመርም ያነሣሁት እኔ ነኝ። ታዝዤ ነው፤ ግን ምን እንደሚመጣ ከሁላችሁ በላይ አውቅ ነበር።»

ሲስተር የሺ ነፃ ወጣች። ወረቀት ላይ። ገጠር ላሉት ግን ማን ይንገራቸው? ጋሼ እንየው «እኔ እሄዳለሁ» አሉ። ሲስተር የሺ እጃቸውን ይዛ «አይሂዱብኝ፤ ደም ነው» ብላ ለመነቻቸው። «አሁን የያዙት ወሬ አንቺን ነው የሚያስገድለው» አሏት። እኔም አብሬ ሄድሁ፤ ሙሉ የምታውቀው የእኔን ፊት ስለሆነ።

ሚኒባሱ መሐል መንገድ ላይ አወረደን። ሾፌሩ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መኪና እንደማያልፍ ነግሮናል። ከዚያ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ በየግቢው በርበሬ ተሰጥቷል፣ ዳጉሳው እየታጨደ ነበር። የሚያጭዱት ሰዎች ቀና ብለው አዩን፤ «ሥራ ያቅና» ስንላቸው የመለሰልን አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው።

ዳሱ አልፈረሰም። የወይዘሮ አበቡ ባል አያ ደሴ ጥቁር ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ጠመንጃውን አንግቶ ምሰሶውን ተደግፏል። ሙሉ እኔን ስታይ አንገቷን ደፋች።

ጋሼ እንየው አልተቀመጡም። «አያ ደሴ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎ። እንየው እባላለሁ፤ የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ። ልጅዎ የሚፈልጋት ነርስ ጥፋት የለባትም። ይህንን ልነግርዎ ነው የመጣሁ።»

«የማን ነው ታዲያ ጥፋቱ?»

«የእኔ።»

ልጁ ከምሰሶው ተነሣ። አያ ደሴ ወደ እሱ ሳያዩ አንድ ጣታቸውን አነሡ። «ይናገር» አሉ።

ጋሼ እንየው ተናገሩ። አንዲት የፈረንጅ ቃል አልጨመሩም። «ሙሉ ለዚህች ልጅ ነገረቻት። ይህችም ጻፈች። የጻፈችው በዋናው መዝገብ ላይ ነበር። ነርሷ ያየችው ግን ሳይጻፍ በፊት የተቀዳውን ነው። ቅጂውን ለፍጥነት ብዬ እዚያ ያኖርሁ እኔ ነኝ። የቆየ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነበረው፤ ያንንም ያጠፋሁ እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘህ?»

«መታዘዝስ ታዝዣለሁ። እያወቅሁ ግን ሠራሁት።» የአለቃቸውን ስም አልጠሩም።

ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። እኔ የማየው የልጁን እጅ ነበር።

«ያ ቅጂ የምትለው» አሉ አያ ደሴ በመጨረሻ፣ «አሁን ተነሥቷል?»

«አልተነሣም።»

«ዛሬም ሰው ተኝቷል እዚያ?»

«ተኝቷል።»

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

አያ ደሴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እስከ አስፋልቱ አድርሳቸው።»

ያን አንድ ሰዓት በሕይወቴ አልረሳውም። እኛ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። የጠመንጃው ማንገቻ ሲንቋቋ ይሰማኛል። ጋሼ እንየው እንደ ወትሯቸው ዘንበል ብለው፣ ሳይፈጥኑ ይራመዳሉ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ይቆጥራሉ። አስፋልቱ ስንደርስ ልጁ ቆመ። «አባቴ አድርስ ስላለኝ ነው» አለ። ዞሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሲስተር የሺን የጠየቀ የለም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጋሼ እንየው ማንንም ሳያስፈቅዱ ቅጂውን አጠፉት። ዋርዱ ያሉት ስክሪኖች እንደገና ተንቀራፈፉ። ሐኪሞቹ ጮኹ። ሥራ አስኪያጁ እኔ ክፍል ድረስ መጥተው «ማን ፈቀደልዎት?» አሏቸው።

«የሟቿ ባል።»

ያንኑ ሁለት ሳምንት እንደገና ለመኑ፤ መዝገቡ ሲለወጥ ቅጂው ወዲያው የሚሰረዝበትን ሥራ ለመሥራት። የተሰጣቸው የእግድ ደብዳቤ ነው። ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን አንድ ደብተርና የመነጽራቸውን ማኅደር ይዘው ወጡ። እኔን «እዚህ ያለሽ አንቺ ነሽ» ብቻ አሉኝ።

ቡሬ ገብተው መናኸሪያው አካባቢ ስልክና ኮምፒውተር መጠገኛ ከፈቱ። ኔትዎርክ ሲኖር ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላሉ። የቤተሰቤን ደኅንነት ጠይቀው ሲያበቁ «ቅጂውስ?» ይላሉ። እሳቸው በሄዱ በወሩ አዲስ ባለሙያ መጣ፤ ስክሪኖቹ ፈጠኑ። ልጁን በመተላለፊያ አግኝቼው «ያ የቅጂ ነገር እንዴት ሆነ?» አልሁት። «ተስተካክሏል፣ አያስቡ» አለኝ እያለፈ።

ቅዳሜ ሲደውሉ «ተስተካክሏል ጋሼ» አልኋቸው።

«አይተሻል?»

መስኮቱ ላይ ሰልፍ ነበር። ደክሞኝ ነበር። ደግሞ ደስ እንዲላቸው ፈለግሁ። «አዎ፣ አይቻለሁ» አልሁ።

ረጅም ትንፋሽ ሲያወጡ ሰማሁ። «ተመስገን» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሲደውሉ ስለዚያ ነገር አልጠየቁኝም።

ሞታቸውን በሰማሁ በሦስተኛው ቀን መንገዱ ሲከፈት ቡሬ ለቅሶ ደረስሁ። ባለቤታቸው እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «አንቺ ነሽ ዘመናይ?» አሉኝ። «ስምሽን ያነሣ ነበር። ወይዘሮ አበቡ የምትባል ሴት በሕልሙ እየመጣች ዕንቅልፍ ትከለክለው ነበር። አንቺ ያንን ነገር ከነገርሽው ወዲህ ነው መተኛት የጀመረው። እግዜር ይስጥሽ ልጄ።»

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። በሚኒባሱ ሙሉ መንገድ መስኮት መስኮቱን እያየሁ ነው የመጣሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሲስተር የሺን ጠራኋት። ጋሼ እንየው ለሙከራ ብለው የከፈቱት፣ ሰው የሌለው አንድ መዝገብ ነበር። እሷ ዋርዱ ስክሪን ላይ ሦስት ሰዓት ላይ ከፈተችው፤ ባዶ ነው። እኔ ካርድ ክፍል ተቀምጬ አለርጂ በሚለው ቦታ ፔኒሲሊን ብዬ ጻፍሁ፣ መዘገብሁ፣ ስክሪኔ ላይ ሲወጣ አየሁት። ከዚያ መስኮቱን ዘግቼ ግቢውን አቋርጬ ሄድሁ። ሰዎች ከኋላዬ እየተጣሩ ነበር።

«ክፈቺው» አልኋት።

ከፈተችው። ወዲያው ወጣ፣ እንደ መብረቅ። አለርጂ፦ አልተመዘገበም።

ሲስተር የሺ መዝገቡን ዘግታ ደግማ ከፈተችው። አልተመዘገበም። ሁለታችንም ቆመን አየነው። ከኋላችን ስምንት አልጋዎች አሉ፤ ስምንቱም ላይ ሰው ተኝቷል፤ አንዱ ያስላል።

ሲስተር የሺ ከኪሷ ነጭ ፕላስተርና እስክሪብቶ አወጣች። ፕላስተሩን በጥርሷ ቆርጣ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጠችኝ።

«ከበሩ ጀምሪ» አለችኝ። «የማይሆናቸውን መድኃኒት ራሳቸውን ጠይቂያቸው። መናገር ያልቻለ ካለ አስታማሚውን ጥሪ። እጃቸው ላይ እንለጥፈዋለን።»

መጀመሪያው አልጋ ላይ ያሉት እናት ቀና ብለው አዩኝ። ስማቸውን ጠየቅኋቸው።